የደበሳይ ልጅ ዑቅባልደት የሰይቸንቶዋን ጣሪያ ያለበሱበት ዜና

ሞተሯ ከሙታን በተነሣ በሦስተኛው፣ ቀለሟ በተቀባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ጥር፣ የደበሳይ ልጅ ዑቅባልደት፣ ጡረተኛው የፖስታ ቤት ሹም፣ ጸዋሬ መፍቻ፣ ትዕግሥታቸው እንደ ምሰሶ የጸና፣ ከአባታቸው የወረሷትን ሰይቸንቶ የተባለች ትንሽ ፊያት ጣሪያዋን ከውስጥ ሊያለብሱ ተነሡ። ሌላው ሁሉ ተፈጽሞ፣ ጣሪያው ብቻ እንደ ተላጨ ራስ ቀርቶ ነበር። እሑድ የአንድ ልጃቸው የስምረት ሠርግ ነውና፣ ሙሽራዪቱ በአያቷ መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ብለው በሽማግሌዎች ፊት ቃል ሰጥተው ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ምልእተም በአሥመራ፣ በገጀረት ሰፈር፣ በግቢያቸው መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማኝ የስምረት አባት! ከጣሪያው አንዲት ክር በልጄ ቬሎ ላይ ከወረደች፣ አማቾቻችን በሚያመጡት ነጭ መርሰዲስ ትሄዳለች። አንተም ከኋላ ከኋላ ጥሩምባህን እየነፋህ ትከተላለህ!»

ይህን አዋጅ በሰሙ ጊዜ የዑቅባልደት ልብ ፈራ፤ ፊታቸው ግን አልፈራም።

ዓርብ ማለዳ፣ ብርዱ የሰውን ትንፋሽ በሚያሳይበት ሰዓት ዘመቱ። አባታቸው ሥራውን የተማሩት በምጽዋ ነበር፤ በምጽዋም ፀሐይ ከወጣች ማስቲሹ ከብሩሹ ሳይወርድ ይደርቃልና፣ ጣሪያን ፀሐይ ሳያይህ አልብስ የሚለውን ሕግ አውርሰዋቸው ነበር። የተከተሏቸውም እኒህ ናቸው፦ የሚስታቸው ወንድም ባሕታ፣ ባለ ሰፊ ትከሻና ባለ ሰፊ አፍ፤ ማስቲሹ ከነቆርቆሮው፤ የጣሪያው ቅስት ሽቦዎች በየማዕረጋቸው፤ ከመደበር ገበያ የመጣው፣ ወተት የመሰለው፣ ቆዳ መሳዩ ልባስ፤ ከጎረቤት ሁሉ የተመለመሉ የልብስ መቆንጠጫዎች፣ ብዛታቸው እንደ ባሕር አሸዋ፣ አንዳንዶቹም አንድ እግር የጎደላቸው።

ባሕታም አወጀ፦ «አያ ዑቅባልደት፣ ይሄ ምጽዋ አይደለም! ልባሱ እንደ ቆርበት ደርቋል፤ ትንሽ ፀሐይ ይሙቅ እንጂ። አማች ስለሆንኩ ነው የምናገረው፤ ጎረቤት ብሆን ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር።»

ዑቅባልደት ግን የአባታቸውን ሕግ በአማች ምክር አልለወጡም። ሽቦዎቹን በየስፌቱ አስገብተው፣ ጠርዙን በማስቲሽ ቀብተው፣ መቆንጠጫዎቹን ዙሪያውን አሰልፈው፣ ድል ሆነ ብለው ፉል በሉ።

ወእምዝ፣ ፀሐይ በበረታች ጊዜ፣ ወይዘሮ ምልእተ ለሠርጉ ጠጉራቸውን አልባሶ ተሠርተው ሊመረምሩ መጡና በኋላ ወንበር ተቀመጡ። ልባሱም በሙቀት ላላ፤ መቆንጠጫዎቹ አንድ በአንድ ከዱ፤ ጣሪያው በቀስታና በክብር ወረደባቸው፤ ማስቲሹም ገና እርጥብ ነበርና ከአልባሶው ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ከልባሱም ውስጥ አዋጅ ወጣ፦ «ደውሉላቸው! መርሰዲሱን አምጡ በሏቸው! አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ስትድር እናትየዋን ትገንዛለህ እንዴ?»

ስምረት ግን አልደወለችም። የእናቷን ጠጉር በዘይት እያላቀቀች አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ የአባታቸው ሳይሆን የምጽዋ ፀሐይ እንደ ነበረ ገባቸውና አወጁ፦ «ባሕታ፣ ንቀለው። ያልከውን ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛ ግን እንዳትለኝ።»

በቀትርም ልባሱን በግቢው ሲሚንቶ ላይ አሰጡት። እንደ ቅቤ በለሰለሰ ጊዜ፣ አዲሱ ማስቲሽ ጣት መያዝ እስኪጀምር ታግሠው፣ እሳቸው ከፊት ባሕታ ከኋላ እየሳቡ እንደ ገና አለበሱ። ሲፈጽሙም ጥቂት እጥፋት ቀርቶ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን የአሥመራ ብርድ ወረደ፤ ጠዋት ጠላት የነበረው ብርድ ልባሱን እየሰበሰበ እጥፋቱን ሁሉ አጠፋ።

ወይዘሮ ምልእተ ራሳቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ ሳይገቡ በበሩ እጃቸውን ብቻ ሰደው ጣሪያውን በጣታቸው መቱ። እንደ ከበሮ መለሰላቸው። ደግመው መቱት፤ ሦስተኛው የሠርግ ምት ሆነ፤ ስምረትም ትከሻዋን ሰበቀች፤ የመቆንጠጫዎቹ ባለቤቶችም ከየደጃቸው እልል አሉ። ያን ጊዜ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «መርሰዲሱ ሽማግሌዎቹን ይጫን! ልጄ በዚህች ትሄዳለች። እኔ ግን በእግሬ ነኝ፤ የባሌን ጣሪያ አውቀዋለሁ!»

ክብር ለደበሳይ ልጅ ለዑቅባልደት፣ ፀሐይን ለጠሩ፣ ብርድን በሎሌነት ላሳደሩ፣ ልጃቸውን ባማረ ጣሪያ ሥር ለዳሩ፤ ዝናቸው በምድር፣ ጣሪያቸው በላይ፣ ለዘላለሙ ይጽና።