የእንግዳ ኪሎ ሜትር

መቼም ሰው ያለውን ሁሉ አውጥቶ አይናገርም። እናንተም ብትሆኑ «ወጥ አለቀ» ካላችሁ በኋላ ድንገት ሰው ሲመጣ ከየት እንዳመጣችሁት የማይታወቅ ወጥ ታቀርባላችሁ። እናቴ በዚህ የሚያህላት አልነበረም። እኛ ልጆቿ ድስቱን ጠራርገን ጨረስን ስንል የእንግዳ ድርሻ አንድ ጥግ ተከድኖ ይቀመጣል። ሜልበርን ስገባ በርበሬዬን የያዘብኝ ጉምሩክ ይህን አመሌን አላየብኝም።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛሁላችሁ። ባትሪዋ ላይ ያሉት ሦስት መብራቶች ቦግ ብለው በርተው እያሉ፣ አንዲት አቀበት ስትመጣ ድርግም! ነገሩ ከነከነኝ። ይህ ባትሪ በሆዱ ምን ይዟል? ማሪቢርኖንግ የሚባል ሰፈር ካለው ቤቴ ጋራዥ ገባሁና፣ ትንሽ ስክሪንና ሽቦ አዝዤ፣ ከኢንተርኔት እየለቃቀምኩ የራሷን ኮምፒውተር ሠራሁላት። ምሳ ዕቃ ውስጥ አሽጌ መሪዋ ላይ አሰርኩት። ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀራት ይናገራል። ነፋስ ሲገጥመን ቁጥሩ ሲወርድ፣ ቁልቁለት ላይ ሲረጋ እያየሁ ስንት ቀን ያለ ጉዳዬ ዞርኩ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ፕሮግራሙን ስጽፍ እጄ አላስችል ብሎት አምስት ኪሎ ሜትር ሸሸግሁ። ስክሪኑ ዜሮ ሲል ገና አምስት አለ። የእንግዳ ነዋ!

ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ አሁን ጡረተኛ። ስክሪኑን አተኩረው አይተው «ይዋሻል?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ! ውሸት የሚባል አያውቅም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አንድ ጠዋት ጋሼ በሬን አንኳኩ። ስንት ወር የጠበቁት የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ፊትዝሮይ ሰፈር አላቸው፤ የከተማው ባቡር፣ ትራሙ፣ ደግሞ ቆሟል። መኪናችንን ባለቤቴ ለሥራ ይዛት ሄዳለች። «በል ያቺን ብስክሌት አውሰኝ» አሉ። ስክሪኑ ሰባት ይላል፤ መንገዱ ዘጠኝ ነው። በሆዴ ሰባትና አምስት ደመርኩና «ይበቃዎታል» አልኳቸው። ስለ አምስቷ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ያ የነፋሁት ደረት ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወሉ። «ዜሮ አለ» አሉኝ።

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ አለው? ውሸት አያውቅም ብለኸኝ የለ? የሰው ባትሪ ገድዬ ልመልስ? ወርጄ ገፋኋት።»

በዚያ ጉልበት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር! ሲደርሱ ሰዓቱ አልፎ ቀጠሮው ለሦስት ወር ተገፍቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሸሸግሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «የእንግዳ ማስቀመጥ ደግ ነው። እንግዳው ሲመጣ ግን ይቀርብለታል እንጂ!»

ለሚቀጥለው ቀጠሮ በመኪና ላደርሳቸው ቃል ገብቻለሁ። ስክሪኑም ላይ ከዋናው ቁጥር ሥር «የእንግዳ፦ 5» የሚል መስመር ጨመርኩ። ጋሼ ሊያዩት መጡ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዚህችስ ሥር ስንት አስቀርተሃል?» አሉኝ።

«ምንም!» ብዬ ማልኩላቸው።

ሁለት አለች። አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።