ሰይድ የጠበቀው አልበም

አልበም የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሐይቅ ከተማው ፀጉር አስተካካያችን ሰይድ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንድ አንጋፋ የሮክ ዘፋኝ ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው አልበም ሊያወጣ ነው ከተባለ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ሱቁ ውስጥ የሚያጫውተው የዘፋኙ አሮጌ ካሴት ድምፁ ድንገት የሚጎተትበት ቦታ ሲደርስ፣ መቀሱን ከደንበኛው ራስ ላይ ያነሳና፣ "ወላሂ፣ ድምፁን እንዲህ አድርጎ የሚያዘገይ ሌላ አልተፈጠረም" ይላል። ደንበኛውም ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ በአክብሮት ይጠብቃል፤ ምን ያድርግ?

ባለፈው ሳምንት አልበሙ ወጣና በስልኬ ከፈትኩለት። ሰይድ መቀሱን እንዳነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ድምፁ አንድም ቦታ አልተጎተተም።

"አይ ሰውዬው፣ አረጀ በቃ" አለኝ በሐዘን።

ያን አሮጌ ካሴት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከመስጠቴ በፊት ፀሐይ ላይ ረስቼው ክሩ እንደተበላሸ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።