የሱፍ አበባዬና የሰሚራ ሠርግ

ሐረር ውስጥ አበባ አይሞትም። ፕላስቲክ እንዴት ይሞታል? ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው በውሰት ይዞራል፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሸዋል ዒድ ግድግዳው ሲቀባ፣ እሱም በሳሙና ይታጠብና ገመድ ላይ ይሰጣል። እህቴ ሃናን ቤት ያለው የአበባ እቅፍ ከልጇ ከሰሚራ በዕድሜ ይበልጣል። ሰሚራ አድጋ ልትዳር ነው፤ እሱ ግን ዛሬም እንቡጥ ነው።

እኔ ፈላና በር አጠገብ የምኖር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ክፉ ነው፤ ያላማረ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ስለዚህ ዘመድ ስለ ሠርጉ ሊመክር በተሰበሰበበት ብድግ ብዬ፣ በእህቴ ልጅ ሠርግ ፕላስቲክ የሚባል ነገር እንደማይታይ፣ የሙሽራዋን መቀመጫ ራሴ ዘርቼ ባሳደግኩት የሱፍ አበባ እንደማስጌጥ አወጅኩ። ሰሚራ ከደስታዋ ብዛት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ማታውኑ ለጓደኞቿ ሁሉ አወራች። ሃናን ግን ብድግ ብላ ወጥታ ሄደች። ቅናት ነው አልኩ።

ዘሩን አዲስ አበባ የሚመላለስ ወዳጄ አመጣልኝ። ተራ ሱፍ እንዳይመስላችሁ! ለቤት ጌጥ የተዳቀለ፣ ብናኝ የማያራግፍ፣ ፍሬ የማይቋጥር ጨዋ አበባ ነው። ግድግዳው ሥር መደብ አዘጋጅቼ ዘራሁት። ቧንቧ እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ሰፈር፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ እየተሸከምኩ አጠጣሁት። ሚስቴ ነፊሳ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ብትለምነኝ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ታገሺ አልኳት። ልብስ ሰፊው ባልዋ በቆሸሸ ሸሚዝ ወደ ሥራ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር። ይሳቅ! ለሥልጣኔ ያልተሳቀበት ማን አለ?

ዋናዋ ተቺ እማማ ዘይነባ ነበሩ። የሰፈራችን ሴቶች አፎቻ፣ ያው ለሠርግም ለለቅሶም ደራሽ የሆነው ማኅበር፣ አለቃ ናቸው። በየጊዜው ብቅ ይሉና ፍሬው መቼ ይደርሳል ይሉኛል። ፍሬ የለውም፣ ለዓይን ነው ስላቸው፣ ዓይን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሱፍ የሚቆረጥመው አሉኝ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር በአባታቸው ማሳ ሱፍ ሲለቅሙ ነው ያደጉት። እኔ ግን ይህ ዘመናዊ አሠራር ስለሆነ፣ በስልኬም አንብቤ ስለጨረስኩት፣ ባይከራከሩኝ እንደሚሻል በትሕትና ነገርኳቸው። ትሕትናዬ ትንሽ ጮክ ያለ ነበር።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት አበቦቹ ፈነዱ። ወርቅ ናቸው! በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ከረጅም አገዳቸው ጋር ተቆርጠው ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት አለባቸው። መቀሴን ይዤ ስነሣ ሃናን ደወለች፦ ለወጡ እርድ ቅመም ጎድሏልና ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ሩጥ። ጊደር መጋላ ገብቶ ሰላምታ ሳይጨርስ የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይዋ ስትበረታ ጨነቀኝና ለነፊሳ ደወልኩላት። የአፎቻው ሴቶች ግቢያችን ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አበቦቹን ቁረጡልኝ አልኩ፤ ዘጋሁ። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል?

ስመለስ መደቡ ባዶ ነው። አበቦቼ ከአንገታቸው ተቀልተው፣ ቆርቆሮ ጣራው ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል፤ ከወዲሁ ጠውልገዋል። አገዳውን ለሠርጉ የታሰረው ፍየል እያጣጣመ ይበላል። ጮህኩ። እማማ ዘይነባ ሽንኩርታቸውን እንኳ አላስቀመጡም። ልጄ፣ ሱፍ ከአንገቱ ተቆርጦ ጣራ ላይ ነው የሚደርቀው፣ አሉኝ። ጥሬ መሆኑንማ እኛም አይተናል፣ አሉ ቀጥለው፤ ግን ነፊሳ፣ «እሱ በስልኩ አንብቦ ነው፣ አትከራከሩት» አለችን። ወደ ነፊሳ ዞርኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ አልለየሁም።

አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለሰሚራ ምን ልበላት? ሃናን ጋ ሄጄ ነገርኳት። እሷም አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ ከረጢት ሳበች። ያ የአበባ እቅፍ ነው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ለካስ እኔ ባወጅኩ ዕለት ወጥታ የሄደችው ሳሙና ልትገዛ ነው።

በማግስቱ ሰሚራ መቀመጫዋ ጋ ስትደርስ አበባውን አየች፣ እኔን አየች። ጓደኞቿ ከበዋታል። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ቁጭ አለች፤ አላጋለጠችኝም። አላህ ትዳሯን ይባርክላት።

እንዳመለጥኩ ቆጥሬ ፍትፍቴን ስጎርስ ከድሬዳዋ የመጡት የሙሽራው አክስት አጠገቤ ተቀመጡ። የሱፍ አበባዬ ወሬ ለካ ድሬዳዋም ደርሷል። አንዱን አበባ መዝዘው አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማሻአላህ፣ በእጅ የተለፋበት ነገር ሽታው ራሱ ይለያል አሉ። ቀጥለውም እሳቸውም ሊተክሉ እንዳሰቡ፣ ግን ውሃ እንደሚያሳስባቸው፣ ምን ያህል እንደሚያጠጡት እንድነግራቸው ለመኑኝ።

የተሸከምኩት ጀሪካን ሁሉ ትዝ አለኝ። ለትልቅ ሰው ደግሞ አይዋሽም፤ እውነቱን ነገርኳቸው፦

«በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሸዋል ዒድ። ትንሽ ሳሙና ጣል ያድርጉበት።»