የሱፍያን የግርጌ መስመር

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራውን ትቶ የሥራ ዕቃውን ሲያሳምር የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። ታክሲውን በመጋረጃና በጌጣጌጥ አሸብርቆ ፍሬኑን የሚረሳው ሾፌር ወገን ነው። ለጥናት ፕሮግራሙ ባለ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ገዝቶ ጥናቱን የማይጀምረው ተማሪም ዘመዱ ነው። መገናኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ላለነው ለእኛ የደረሰን ክቡር ኢንጂነር ሱፍያን ነው።

ሶፍትዌር ሠሪዎች ነን። ቀኑን ሙሉ የምናፈጠው ጥቁር መስኮት ላይ ነው፤ ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ያንን መስኮት ለብዙ ክፍል ይከፋፍልልናል። ከግርጌው አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለች። ለሌላው ሰው ሰዓት ማያ ናት። ለክቡርነታቸው ግን ርስት ናት። ስክሪፕት የሚባሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች እየጻፈ ያላሰፈረባት ነገር የለም፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የባትሪው መጠን፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ፣ የእሱ የሶላት ሰዓት፣ የእኛ የጾም ቀን። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መስመሯን አየት ያደርግና "ዛሬ ጾመኞች ናችሁ፤ ሽሮ ቤት እንሂድ" ብሎ ይነሳል። እኔ ጾም መሆኑን የረሳሁበት ቀን አለ፤ እሱ ግን ረስቶልኝ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ዘርፌ ስለ ሥራው ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ "ደርሷል! መስመሯን አንዴ ላስተካክላትና።" ይቺ "አንዴ" ጠዋት ተጀምራ መውጫ ሰዓት የምትደርስበት ጊዜ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሁለት አረንጓዴዎችን ልዩነት ሲያስረዳን ሰንብቷል። እኔ ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልታየኝም። የራሱን ጨርሶም አላረፈም፤ የሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ተከላት።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ስንገባ በቀኑ ቦታ የስህተት መልእክት ተደርድሮ ጠበቀን። ለካ ሱፍያን ስክሪፕቱን የጻፈው ጥር ላይ ነበር፤ የወሮቹን ስም ሲዘረዝር አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል።

"ጳጉሜን የሚረሳ አበሻ ዛሬ አየሁ!" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"ደሞዝ የማይወጣበት ወር እንዴት ትዝ ይበለኝ?" አላቸው።

ቢሮው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔም ብዙ አልሳቅኩም። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። መቀጠሬ የተንጠለጠለው ደግሞ በአንድ ሥራ ላይ ነበር፦ የአንድ ክሊኒክን የሕሙማን ቀጠሮ መዝገብ ወደ አዲሱ ሲስተም አዛውሬ ለአዲስ ዓመት ማድረስ። ከቦሌ አራብሳ በሁለት ታክሲ፣ በዚያ ዝናብ የምመላለሰው ለዚሁ ነው። ሱፍያን ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ጳጉሜን ሲጨምር አረፈደና እኔ ጋ ሲደርስ ወንበሬን ገፋ አደረገ።

"ፀዲ፣ አንዴ ተነሺልኝ።"

"ሱፍያን፣ ሥራ ላይ ነኝ። ቀኑን ባላውቀው አልሞትም።"

"አምስት ደቂቃ!"

ሃያ አምስት ፈጀ። ምን እንደሚነካካ አላየሁም፤ በመስኮት የታክሲ ሰልፉን እያየሁ በልቤ ስሰድበው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለት መስኮት ከፈትኩ፤ አንዱ የመዝገቡ ቅጂ ያለበት የመለማመጃ ኮምፒውተር፣ ሌላው እውነተኛው የክሊኒኩ። ሙከራዬ ተበላሽቶብኝ ስለነበር የመለማመጃውን መዝገብ ጠርጌ እንደ አዲስ ልጀምር ወሰንኩ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጣቴ ወደ ኢንተር ቁልፍ ሲሄድ የግርጌዋ መስመር ደም መስላ ታየችኝ። በላይዋ በአማርኛ ተጽፏል፦ "ፀዲ፣ ይሄ እውነተኛው ነው። ቀስ በይ።"

እጄን አነሳሁ። መስኮቱን ተሳስቻለሁ። የአራት ሺህ ሰው ቀጠሮ፣ የነፍሰ ጡሯ፣ የስኳር ሕመምተኛው፣ ከጣቴ ሥር ነበር።

"ሱፍያን፣ ይሄን አንተ ነህ ያደረግከው?"

ዞር ብሎ ስክሪኔን አየና ተጨነቀ። "ቀለሙ በዛ እንዴ? ላለዝበው?"

"እንዳትነካው!"

የጻፍኩትን ትእዛዝ ያኔ አነበበው። "እኔ በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ፣ በሙከራ ጊዜዬ፣ ያቺን ቁልፍ ተጫንኳት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መስኮቶቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። በማግስቱ አሰናበቱኝ።"

ይህን ብሎ ወደ አረንጓዴዎቹ ተመለሰ። እንደዚያች ሰዓት ሰው ወድጄ አላውቅም። ጠዋት በልቤ የሰደብኩትን ስድብ አንድ በአንድ ሰረዝኩለት።

ጳጉሜ አራት ሥራዬን አስረከብኩ። በማግስቱ ወይዘሮ ዘርፌ የቅጥር ደብዳቤዬን ይዘው መጡ። እኔን መርቀው ሲያበቁ ወደ ሱፍያን ጠረጴዛ ተመለከቱና ማማረር ጀመሩ።

"አንቺስ ያልሽውን አደረስሽ። እስቲ እሱ ጳጉሜ አንድን ሙሉ ምን ሲሠራ ዋለ?"

"እኔን ሲያስቀጥር" አልኳቸው።