የግራ እጅጌዬ ጉዞ

ሹራብ የሚሠሩ እናቶች ሰው አያዩም፤ ይለካሉ። ሰላም ሲሏችሁ ዓይናቸው ጭንቅላታችሁን ይዞራል፤ ጤንነታችሁን ጠይቀው ሳይጨርሱ የካልሲያችሁን ቁጥር አውቀውታል። በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። የእኛ ግን ክብርት እትዬ ደሳለች ናቸው፤ የቁስቋምና አካባቢዋ የራስና የእግር ሙቀት የበላይ ጠባቂ።

ታክሲ ውስጥ ይሠራሉ፤ ለቅሶ ቤት ይሠራሉ። ቁስቋም የጀመሩት ካልሲ ፒያሳ ሲደርስ ተረከዝ ያወጣል። ካልሲውና ጓንቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች፣ ኮፍያው ጤና ጣቢያ ለሚወለዱት ጨቅላዎች ነው። «ራስ ከሞቀ ሌላው ይደርሳል!» ይላሉ። ጠዋት ጉሙ ወርዶ የስለሺ ካፌ በረንዳ ላይ ሲተኛ፣ እትዬ ጫፉን ይዘው የሚሠሩት ይመስለኛል። ፀሐይ የምትወጣው እሳቸው ጠቅልለው ሲጨርሱ ነው።

ዘንድሮ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ክር አለቀባቸው። የሰፈሩ አሮጌ ሹራብ ሁሉ ተተርትሮ አልቋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ እፍኝ የማይሞሉ መንታ ተወልደው፣ እናታቸው ከሰዓት ይዛቸው ልትወጣ ነው። የተሠራው ኮፍያ አንድ ብቻ!

«አንዱን ሸፍኜ አንዱን ላጋልጥ?» አሉ ካፌው በር ላይ ቆመው። ከዚያ ዓይናቸው በረንዳው ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞሮ አረንጓዴ ሹራቤ ላይ አረፈ። «ይቺ አርጅታለች።»

«ባለፈው ወር የገዛኋት ናት፣ እትዬ።»

«ታዲያ እጅጌዋ ምነው ክር አወጣች?»

«ጌጥ ነው!»

«እሺ በቃ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን በቀስታ ይመታል። እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ባሕር ዛፉ መሃል እሄዳለሁ። ከኋላዬ አረንጓዴ ክር ይከተለኛል፤ ጉሙ ጫፉን ይዞ ይስባል። እኔም እየቀለልኩ፣ እየቀለልኩ፣ ከዛፎቹ በላይ ልንሳፈፍ ስል ግራ ክንዴን በረደኝ።

ነቃሁ። ስለሺ የቡና ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ግራ እጅጌዬ የለም! እትዬ ደሳለች ብርቱካን የምታክል አረንጓዴ ኮፍያ እየቋጠሩ ነው።

«እትዬ! እጅጌዬስ?»

«ምን ያስጮኽሃል? ከክንድ ወደ ራስ ተሾመችልህ እኮ!»

«ሳይጠይቁኝ?»

«ተኝተህ! የተኛ ሰው ይቀሰቀሳል? ነውር አይደለም?»

በአንድ እጅጌ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እየዛትኩ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ተከተልኳቸው። እናትየው በሩ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ኮፍያዋን በሁለተኛው መንታ ራስ ላይ አጠለቁ፤ ልክክ አለች። ሕፃኑ በእጅጌዬ ውስጥ ሆኖ አዛጋ። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ኮፍያዋን እስከ ጆሮው ዝቅ አደረግኩለት።

ዛሬም ስለሺ ካፌ ነኝ። ጉሙ ወርዷል። የቀኝ እጅጌዬን ክር በጥርሴ ሳብ አድርጌ፣ ጫፉን በወንበሩ ጎን አንጠልጥዬ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አጠገቤ ወንበር ተሳበ። መርፌ ከመርፌ ሲጋጭ ይሰማኛል።

ቀኝ ክንዴን በረድ አለኝ።