የአያ ታረቀ ሁለተኛ ዓይን

የሚወደን ሰው ሁሉ አንድ ክፉ አመል አለው፤ እንደተዋወቀን እንድንቀርለት ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰቆጣ ቤታችን አረፈ። ክብሩ ነው ብዬ ፓስታ ገዝቼ፣ ሱጎውን ሳቁላላ አረፈድኩ። ሰውየው ሹካውን አነሳ፣ ሳህኑን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። «የዋግ ማር የለም እንዴ? ፍየልስ?» አለኝ። እሱ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ፓስታውን እየጠቀለለ፣ እኛ እዚህ ሆነን ዕድሜ ልካችንን ፍየል እያረድን እንድንጠብቀው ነው። በነገራችን ላይ ፍየሉ ታርዷል። የባል ዘመድ ነው፤ ምን አደርጋለሁ?

ይህን ነገር ታዲያ ጃፓኖች ከእኛ ቀድመው ቀምሰውታል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ በእኛ አገር ደግሞ ታሪክ አስተምሮ ጃፓንን ሳያነሳ ጡረታ የወጣ ሰው አላውቅም። የድሮ ምሁሮቻችን «እንደ ጃፓን እንሰልጥን» ሲሉ ኖሩ፤ እኛ ደግሞ «እንደ ጃፓን ያልሰለጠንንበትን ምክንያት አብራሩ» የሚል ፈተና ስናወጣ እንኖራለን። ቤተ መጻሕፍታችን በጦርነቱ ባዶውን ከቀረ በኋላ በእርዳታ ከመጡልን ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ፣ ሜይጂ በሚሉት የሥልጣኔ ዘመናቸው ስለነበሩ የጃፓን ሠዓሊዎች የሚተርክ፣ ሰው ቢመቱበት የሚገድል ወፍራም መጽሐፍ ተገኘ። የጠበቅነው ሒሳብና ፊዚክስ ነበር። ግድ የለም፣ የሰጠን ይባረክ፤ ማንም ስላልተሻማኝ እኔ አነበብኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች በራቸውን ለዓለም ሲከፍቱ፣ አገራቸው ውስጥ ርካሽ የነበረው በእንጨት ማኅተም የሚታተም ሥዕል አውሮፓ ገባ፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሸክላ ዕቃ ተጠቅልሎበት ነው የሄደው ይባላል። የፓሪስ ሠዓሊዎች መጠቅለያውን ሲያዩ አበዱ። ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት፣ አስመስለው ሣሉት፣ «ጥላ የለ፣ ጥልቀት የለ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። ልክ በዚያው ጊዜ የጃፓን ወጣቶች ከረባታቸውን አስረው፣ መርከብ ተሳፍረው፣ ጥላና ጥልቀት ሊማሩ ወደ ፓሪስ እየገሰገሱ ነበር። አያችሁልኝ? ሁለቱ ሊጠያየቁ ወጥተው መንገድ ላይ ተላለፉና እያንዳንዱ የሌላውን በር ሲያንኳኳ ማንም አልከፈተለትም። ወጣቶቹ የዘይት ቀለሙን ተምረው፣ ለፍተው፣ ሥራቸውን ሲያቀርቡ ብዙው አውሮፓዊ ምን አለ መሰላችሁ? «ይሄማ የእኛው ነው። የእናንተስ የታለ?»

ይህን ጨዋታ ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ይኸይስ አወራሁላቸው። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ እጃቸው የተባረከ ነው፣ ይህን ከማንም በፊት የሚነግሯችሁም እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን ተቀበሉኝና ያገላብጡ ጀመር። አንዲት በመስኮት አጠገብ የተቀመጠች፣ በጎን የምትታይ፣ ብርሃን ጉንጯ ላይ ያረፈባት ጃፓናዊት ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ምን አጥፍታ ነው?» አሉ።

አትሳቁ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ ነው የሚሣለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚታየው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ቸንካሪው ነው። ቄስ ይሁን ገበሬ፣ ፊደል ይቁጠር አይቁጠር፣ ይህን ሳያውቅ ያደገ የለም። ልጅቱ ምንም እንዳላጠፋች፣ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ብቻ እንደሆነ ሥራዋ፣ ሳስረዳቸው ዋልኩ። «ጥላም አላት» አሉ፤ ተቆጥተው ነበር። መጽሐፉን ግን ይዘውት ሄዱ። ሲመልሱልኝ ገጾቹ በቀለም ተነካክተዋል፣ መሪጌታም ጥላ ይዟቸዋል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በእናቴ አገር በደሃና፣ አያ ታረቀ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ከእርሻ ድንበርተኛቸው ከአያ በለጠ ጋር በአንዲት የወሰን ድንጋይ ሲካሰሱ ኖረው፣ አያ ታረቀ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ድንጋዩ ከወይራው ሥር ነበር» ብለው ማሉ። አያ በለጠ ደግሞ «በሐሰት ማለ» ብለው አገር ምድሩን አዳረሱ። ደሃና ላይ በሐሰት ማለ መባል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ? ሰው ጽዋ ሲያቀብላችሁ ቀና ብሎ አያያችሁም። ሽምግልና የሚያስቀምጣችሁ የለም። አያ ታረቀ እህል አልወርድ አላቸው።

በኋላ ሳውዲ ያለው ልጃቸው በአባቱ ስም የዚያችኑ የማርያምን ግድግዳ ሥዕል ላሠራ አለ። ሥዕል ያሠራ ሰው ደግሞ በእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ይሣላል፤ ደንቡ ነው። አያ ታረቀ ልባቸው ቅቤ ጠጣች። የማሉባት ማርያም፣ በዚያው በማሉበት ቤት፣ በአገር ፊት ከእግሯ ሥር ታስቀምጣቸዋለች፤ ከዚያ በላይ ምን ምስክር አለ? ሥራውንም ለመሪጌታ ይኸይስ ሰጡ።

የማርያም ንግሥ ዕለት ታቦቷ ከመግባቷ በፊት መጋረጃው ተገለጠ። እኔም ነበርኩ። እመቤታችን ከነልጇ፣ ከነመላእክቷ፣ አባቶች እንደሣሉት ቁጭ ብላለች። ከሥሯ አያ ታረቀ! እናንተዬ፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የግንባራቸው ጠባሳ፣ የጉንጫቸው መጎድጎድ፣ ጋቢው እንኳ እንዴት እንደሚወርድ! ብርሃን ከላይ ወርዶ ጉንጫቸው ላይ አርፏል፣ ጥላቸው ከኋላ ተኝቷል። ወደ እመቤታችን ቀና ብለው ያያሉ።

በጎን። በአንድ ዓይን።

እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ተቋረጠ። የአያ በለጠ ሚስት በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከዚያ እኛ ከሰቆጣ የመጣነው እንዳይቀርብን አስበው ነው መሰለኝ በአማርኛ ደገሙት፦ «እዩት! ማርያም ራሷ ፈረደች!»

አያ ታረቀ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተጠጉ። ሲያዩ ቆዩ።

«መሪጌታ» አሉ፣ «ሌላው ዓይኔ የት አለ?»

«በወዲያ በኩል ነው።»

«ወዲያ የት?»

«ከፊትዎ ማዶ። በጎን ስለሆነ አይታይም እንጂ አለ። ሰው ወደ እመቤታችን እያየ እንዴት ወደ ሕዝብ ያያል? ይህ ፓሪስ የተፈተነ አሣሣል ነው። ጃፓኖች እንኳ እንዲህ ነው የሚሥሉት!»

«የእኔ ድንበር ከጃፓን ጋር አይደለም!» አሉ አያ ታረቀ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ከበለጠ ጋር ነው!»

ቄሰ ገበዙ ሥዕሉ ይፋቅ አሉ። መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ፊት በዋግ ምድር ታይቶ አያውቅምና ከሚፋቅ እኔ ልፋቅ ብለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የሚገርመው ያስታረቋቸው ራሳቸው አያ ታረቀ ናቸው። ፊቱን ሲያዩት ውለው ሳይወዱት አልቀሩም። «ፊቱ ይቅር፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔን ብቻ አምጡልኝ።» መሪጌታ ብሩሻቸውን አነሱ። እያጉረመረሙ፣ «ጥበብ ተደፈረች» እያሉ፣ ሁለተኛውን ዓይን እዚያው ጉንጭ ላይ ከጆሮው ፈንጠር አድርገው ሣሉት፤ ትልቅ፣ ክብ፣ አባቶች እንደሚሥሉት ፊት ለፊት የሚያይ። ፊቱ ወደ ማርያም፣ አንዱ ዓይን ወደ ማርያም፣ ሌላው ወደ እኛ። ልጆች የሚያለቅሱበት ነገር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ግን ዓይን ቆጠሩ፣ ሁለት ሆነ፣ እልልታው ካቆመበት ቀጠለ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ስለ ጥንታዊ ሥዕል የሚያጠና አንድ አውሮፓዊ መጣና አስተርጓሚ ሆኜ ወሰድኩት። መሪጌታም አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው ተከተሉን፤ የፓሪስ አሣሣል ከባለቤቱ አገር ሰው ምስጋናውን ሊቀበል መሆኑ ነው። ሰውየው የአያ ታረቀን ፊት አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ያሳዝናል፣ የአውሮፓ ተጽዕኖ አበላሽቶታል» አለ። ወዲያው ዓይኑ ጆሮው አጠገብ ባለው ዓይን ላይ አረፈ። ተንበረከከ። ፎቶ አነሳ፣ አሁንም አነሳ። «ይህ ነው ንጹሑ፣ ጥንታዊው፣ ያልተነካው!» አለ።

«ምን አለ?» አሉ መሪጌታ።

«ፊቱን በጣም ወደደው» አልኳቸው። ምን ልበል? ጃፓኖቹም ያኔ እንደ እኔ ያለች አስተርጓሚ ቢያገኙ ኖሮ ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር።

ያ ዓይን ግን ሥራውን አልጨረሰም። ፊት ለፊት የተሣለ ዓይን የትም ብትቆሙ እናንተን ነው የሚያየው፤ ቤታችሁ ያለ ፎቶ ላይ ሞክሩት። አያ በለጠ በወንዶች በኩል ከፊት ይቆሙ ነበር። ወደ ኋላ ሄዱ። ወደ በሩ ተጠጉ። በመጨረሻ ውጭ፣ ከደጀ ሰላሙ ሆነው ማስቀደስ ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ሽማግሌ ሰብስበው፣ «ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ወይራው መልሼዋለሁ፤ ያን ዓይን ግን ከላዬ አንሡልኝ» አሉ። ዓይኑ አልተነሣም። ሁለቱ ግን በዚያው ደጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ አያ ታረቀም ዳግመኛ ሽምግልና ተቀመጡ። እኔ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

ባለፈው የማርያም ዕለት ወርጄ ሳስቀድስ ታዲያ አያ ታረቀን ከፊት አጣኋቸው። ብፈልግ ብፈልግ ከአንድ ወፍራም ዓምድ ጀርባ ተሸጉጠው ቆመዋል።

ቅዳሴው ሲያበቃ ተጠጋኋቸው። «አያ ታረቀ፣ ምነው እርስዎ እንኳ? ሐቅዎ ወጥቶ የለ?»

«የድንጋዩስ ወጣ፣ መምህርት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ግን በድንጋይ ብቻ ነው እንዴ የሚያጠፋው?»

ወደ ሥዕሉ ዞር ብዬ አየሁ። አየኝ። በሚቀጥለው ቅዳሴ ማልጄ ሄጄ በሴቶች በኩል ካለው ዓምድ ጀርባ ቦታ ልይዝ ነበር።

ሞልቷል።