ወድቀው የማያውቁት ሻምፒዮን ከታላላቆቹ ይቆጠሩ እንደሆነ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡10 (ጥሪው ለ8፡00 ነበር)
ቦታ፦ የቦክስ ክለቡ ማሠልጠኛ አዳራሽ፣ ከሪንጉ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፣ የጥርስ ሐኪም
ምክትል ሰብሳቢ፣ የቤት ዕቃ ነጋዴ
አባል፣ ጡረታ የወጡ የቦክስ ዳኛ
ጸሐፊ፣ የክለቡ ቦክሰኛ (ድምፅ የላትም)
ጉዳያቸው የሚታየው፣ የቀድሞ ሻምፒዮንና የአሁን አሠልጣኝ ጋሽ ጥላ። ስሙ የወጣላቸው ተጋጣሚዎቻቸው ሲመቱ የኖሩት የእሳቸውን ጥላ ብቻ ስለነበረ ነው።

ምልዓተ ጉባኤው በሦስት ሰው ስለሚሟላና ከሦስቱ አንዱም እንቅልፍ ስላልወሰደው ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ ጸሐፊ ስለመሰየም

ሰብሳቢው «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጻፊ» ብለዋል። ጸሐፊ ድምፅ እንደማይሰጥ የተነገራት ከተሰየመች በኋላ ነው። የተማረው የሚጽፍ ከሆነ ድምፅ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ጠይቃ፣ ጥያቄዋ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጋሽ ጥላ ታላቅነት

በደንቡ መሠረት በተወዳዳሪ ፎርም ላይ መፈረም የሚችለው ከታላላቆቹ የተቆጠረ አሠልጣኝ ብቻ ነው። ጋሽ ጥላ ባለፈው ሳምንት የጸሐፊዋን ፎርም ፈርመዋል፤ ክለቡም ማኅተሙን መትቶበታል። በማግስቱ ምክትል ሰብሳቢው «ለመሆኑ ሰውየው ታላቅ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ በማንሳታቸው ፎርሙ ታግዷል። የፌዴሬሽኑ ምዝገባ ዛሬ በ11፡30 ይዘጋል።

ምክትሉ ጥያቄያቸው ከጸሐፊዋ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አረጋግጠው፣ አያይዘውም ሴት ልጅ አፍንጫዋ ቢሰበር ማን ያገባታል ሲሉ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ የምክትሉ አፍንጫ ሳይሰበርም እስካሁን የምታገባቸው እንዳልተገኘች ለመመዝገብ ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላለች።

የጋሽ ጥላ ታሪክ ተነብቧል፦ አርባ አንድ ግጥሚያ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ድል፣ ሁለት አቻ፣ ዘጠኝ ዓመት ሻምፒዮን። ምክትሉ ይህ ብልጠት እንጂ ታላቅነት እንዳልሆነ ገልጸው «መሸሽማ ዶሮም ይሸሻል» ብለዋል። ጋሽ ጥላ «ይዘዋት ያውቃሉ?» ሲሉ ጠይቀዋቸዋል።

ሰብሳቢው በበኩላቸው በሠላሳ ዓመት የሕክምና ሥራቸው ከጋሽ ጥላ ሠልጣኞች አንድም ጥርሱ የረገፈ ታካሚ እንዳልመጣላቸው ጠቅሰው፣ ነገሩ ጥርጣሬ እንደሚያሳድርባቸው ተናግረዋል።

ዳኛው የደንቡን አንቀጽ 4 አንብበዋል፦ «ታላቅ ማለት በሪንግ ውስጥ ወድቆ የተነሳ ነው።» ሰብሳቢው ፎቶግራፋቸው ከታላላቆቹ ጋር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አጎታቸው አሥራ አንድ ጊዜ ወድቀው አሥር ጊዜ መነሳታቸውን በኩራት አስታውሰዋል። ስለ አሥራ አንደኛው ሲጠየቁ «በቃሬዛ» ብለዋል።

ጋሽ ጥላ ወድቀው ያውቁ እንደሆነ ተጠይቀው «አንዴ፣ ቤቴ ደረጃ ላይ። ባለቤቴ አነሳችኝ» ሲሉ መልሰዋል። ዳኛው ደረጃ ሪንግ አለመሆኑን፣ በሚስት መነሳትም መነሳት አለመሆኑን አስረድተዋል። ጸሐፊዋ ሰውየው ያልወደቁት የሚጥላቸው ስለጠፋ መሆኑን፣ የሰውን ችሎታ እንደ ጉድለት መቁጠርም ነውር መሆኑን ተናግራ «ጻፊ እንጂ አትናገሪ» ተብላለች። ጽፋለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጋሽ ጥላ ለደንቡ ሲሉ አንዴ እንዲወድቁ ተወስኗል። እሳቸውም «እኔ እምቢ አላልኩም፤ የሚጥለኝ ይምጣ» ብለዋል።

ምክትሉ ኮታቸውን አውልቀው፣ ጓንት አጥልቀው ወደ ሪንጉ ወጥተዋል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ስድስት ቡጢ ሰንዝረዋል፤ ሦስቱ ገመዱን፣ የቀሩት አየሩን አግኝተዋል። ጋሽ ጥላ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ምክትሉ ሃያ ሰባተኛውን ሲሰነዝሩ ቡጢያቸውን ተከትለው በሆዳቸው ወድቀዋል። ዳኛው በልማድ ቆጠራ ጀምረው ስምንት ላይ ሲደርሱ ምክትሉ ተነስተዋል።

ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው አንቀጽ 4 ተሟልቷል ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ ጋሽ ጥላ ታላቅ እንዳልሆኑና ምክትል ሰብሳቢው ታላቅ እንደሆኑ ተወስኗል። ተቃዋሚው ሰብሳቢው ሲሆኑ «ከአጎቴ ጎን ሊሰቀል? ያውም አየር የጣለው!» ብለዋል። ምክትሉ ደንቡ ጣዩ ማን ይሁን እንደማይል መልሰዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ዳኛው ንባባቸውን ቀጥለው ወደ አንቀጽ 5 ደርሰዋል። አንቀጹ ማንኛውም ታላቅ በየማለዳው በ12 ሰዓት ተገኝቶ ያለ ማቋረጥ እንዲያሠለጥን ያዝዛል። ምክትሉ ወንበር ጠይቀዋል። ወገባቸውን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ካሰቡ በኋላ ትሕትና እንደተሰማቸው ገልጸዋል።

በምክትሉ አቅራቢነትና በሰብሳቢው ደጋፊነት፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻርና ጉዳዩን የቀሰቀሰው ጥያቄም ከነጭራሹ እንዳልተነሳ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ጸሐፊዋ ያልተነሳ ጥያቄ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበትን ፎርም ሊያግድ ይችል እንደሆነ ጠይቃለች። ሰብሳቢውና ዳኛው የምክትሉን ጓንት በመፍታት ላይ ነበሩ። ጋሽ ጥላ ግን «ልጄ፣ ምን ገተረሽ? እግርሽን አንሺ!» ብለዋል።

ስብሰባው በ11፡05 ተዘግቷል። ፎርሙ ከሰብሳቢው ጎን፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ የተነሳው በዚያው ደቂቃ ነው።

ይህ መጨረሻ የተጻፈው በ11፡26፣ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው። መዝጋቢዋ ስለ ማንም ታላቅነት አልጠየቀችም። የጠየቀችው ኪሎ ብቻ ነው።

ሃምሳ ሰባት።